በደረቀ ሬዚን የተሞላ ቻርጀር፦ ቦርዱን ሳንጎዳ እንዴት እናውጣው?

አዳማ ጥገና፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለኝ። በፊት የሚመጣልኝ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ነበር። መንግሥት በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ሁሉ ወደኛ መምጣት ጀምሯል፣ በተለይ የሞተር ሳይክልና የባለ ሦስት እግር ቻርጀር።

አሁን ያስቸገረኝ አንድ የ72 ቮልት ቻርጀር ነው። ውሃ እንዳይገባው ተብሎ የተሠራ ነው። ሳጥኑ አሉሚኒየም ነው። ክዳኑን ስከፍተው ቦርድ የሚባል ነገር አይታይም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ሬዚን (ፈሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ) ተሞልቶበት ደርቋል። የሚታየው በአንድ በኩል የሚገባው የ220 ገመድና በሌላ በኩል ወደ ባትሪ የሚወጣው ገመድ ብቻ ነው። ሲሰካ መብራት የለው፣ ድምፅ የለው። ጭጭ።

አሴቶን ጨምሬበት አሳደርኩት። ላዩ ትንሽ ወዙ ከመጥፋቱ በቀር ምንም አልሆነም። ቲነርም ያው ነው። ቢላ ይንሸራተትበታል። በመዶሻና በመሮ እንዳልመታው ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ ይረግፋል ብዬ ፈራሁ። አንዱ ጎረቤቴ የባትሪ አሲድ አፍስስበት ይላል፣ ሌላው ፍሬን ዘይት ውስጥ ቀቅለው ይላል።

ባለቤቱ በዚህ ሞተር ዕቃ እያደረሰ የሚተዳደር ልጅ ነው። ሞተሩ ቆመ ማለት ገቢው ቆመ ማለት ነው። ተመሳሳይ ቻርጀር እዚህ ፈልጌ አጣሁ፣ ያገኘሁትም ሶኬቱ ሌላ ነው። ይሄን ሬዚን የሚያሟሟ ነገር አለ ወይ? ከሌለስ ቦርዱን ሳልጎዳ እንዴት ላውጣው? የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሲሪየስ አምፖል፦

ልጄ፣ ስለ ማሟሟት ከማውራታችን በፊት ሬዚኑን መንካት ያስፈልግሃል ወይ የሚለውን እንይ። እኔ ጋ ከመጡት እንዲህ ዓይነት ቻርጀሮች ብዙዎቹ የተጠገኑት ሬዚናቸው ሳይነካ ነው።

ሞተር ላይ የሚውል ሰው ቻርጀሩን በገመዱ ያንጠለጥለዋል፣ ይጠቀልለዋል፣ ኮርቻ ሥር ይጠቀጥቀዋል። ሽቦው ታዲያ የሚበጠሰው ገመዱ ወደ ሳጥኑ ሊገባ ሲል ያለው ጎማ ጋ ነው። ከውጭ ምንም አይታይም፣ ላስቲኩ ደህና ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን አልቋል። ስለዚህ ከግድግዳ ነቅለህ ቴስተርህን ኦም ላይ አድርግና የሶኬቱን ሁለት እግሮች ለካ። ደህና ቻርጀር ላይ ብዙ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኦም ታያለህ፤ ምክንያቱም መግቢያው ላይ ያለውን ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ) የሚያራግፍ ሬዚስተር እዚያው አለ። ይሄ ከታየህ ገመዱ ደህና ነው፣ ፊውዙም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ጨርሶ ምንም ካላሳየህ ወይ ገመዱ ወይ ፊውዙ ተበጥሷል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ውስጥ ሾርት አለ።

ገመዱን ከፊውዙ ለመለየት ቀጭን መርፌ ውሰድ። ገመዱ ወደ ሳጥኑ በሚገባበት አጠገብ ላስቲኩን ወግተህ መዳቡን ንካና ከሶኬቱ እግር ጋር ለካ። በሁለቱም ሽቦ እንዲሁ አድርግ። የወጋኸው ቦታ በኋላ በሽሪንክ (ሲሞቅ በሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ) ይሸፈናል።

ሌላም ነገር ልንገርህ። ብዙ ቻርጀር ባትሪ ካልተሰካበት በመውጫው ላይ ቮልቴጅ አያሳይም። ባዶውን ለክተው ዜሮ ነው፣ ሞቷል ብለው የሚጥሉት ብዙ ሰዎች ናቸው። ያንተው መብራቱም ስላልበራ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ግን ለወደፊቱም ያዘው።

አዳማ ጥገና፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ለካሁ። የሶኬቱ ሁለት እግሮች መሃል ምንም አያሳይም። በመርፌ ስለካው ግን ሁለቱም ሽቦ እስከ ሳጥኑ መግቢያ ድረስ ደህና ነው። እንግዲህ የተበጠሰው ሬዚኑ ውስጥ ነው ማለት ነው። መግባቴ አልቀረም።

ሐይቅ ዳር ሰርኪት፦

ግድ ከሆነ እንግዲህ በሙቀት ነው የሚሠራው። ከሀዋሳ ነኝ፣ የፀሐይ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ላይ በብዛት የምሠራው ሥራ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

ከሁሉ በፊት ምን ዓይነት እንደሆነ ለይ። በጥፍርህ ተጫነው። ሰምጦ ተመልሶ የሚነሳ፣ ሲቆነጥሩት እየተቀደደ የሚወጣ ከሆነ ሲሊኮን ነው። እሱ ቀላል ነው፤ በእጅና በእንጨት እየተላጠ ይወጣል፣ ሙቀትም ኬሚካልም አይፈልግም። ጥፍር ትንሽ ምልክት የሚጥልበት፣ ጠንከር ያለ ላስቲክ የሚመስል ከሆነ ፖሊዩሪቴን ይሆናል። ጥፍር ጨርሶ የማይነካው፣ ሲያንኳኩት ቀጭ ቀጭ የሚል ደግሞ ኢፖክሲ ነው። ቢላ ይንሸራተትበታል ካልክ ያንተው ኢፖክሲ ነው።

ኢፖክሲ አይቀልጥም። ይሄ መጀመሪያ መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይቀልጥልኛል ብሎ ሙቀቱን እየጨመረ ሄዶ ቦርዱን ያሳርረዋል። ሊድ (ዕቃዎቹን ቦርዱ ላይ የሚይዘው ብየዳ) ሲሞቅ ፈሳሽ ይሆናል፣ ኢፖክሲ ግን አንዴ ከደረቀ ወደ ፈሳሽነት አይመለስም፤ አብዝተህ ካሞቅከው ይጠቁራል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ይከስላል። ግን ከዚያ በፊት ለኛ የሚጠቅም ቦታ አለ። የተወሰነ ሙቀት ሲያልፍ ያ ጥንካሬው ይጠፋና እንደ ቆዳ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ እየተፈለፈለ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠነክራል። ይሄ የሚሆንበት ሙቀት እንደ ሬዚኑ ይለያያል፣ ከ50 እስከ 150 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀር ላይ የሚፈሰው ማብሰያ ሳያስፈልገው የሚደርቀው ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ100 በታች መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ ሬዚኑ ራሱ 110 ወይም 120 ዲግሪ ላይ እንዲደርስ ነው የምትፈልገው። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ለምን አያስፈልግም ብትል፣ የቀድሞው ሊድ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፣ እርሳስ የሌለበት አዲሱ በ217 አካባቢ። ካፓሲተሮቹ ላይ የተጻፈው ደግሞ 105 ዲግሪ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ትንሽ ቢያልፉ ወዲያው አይሞቱም፣ ግን ዕድሜያቸው ይቀንሳል፤ እኔ በደንብ የሞቁትን ካፓሲተሮች እቀይራቸዋለሁ። በጣም ተጠንቀቅ የምልህ ቢጫዎቹና ሰማያዊዎቹን አራት ማዕዘን የፊልም ካፓሲተሮች ነው፣ ውስጣቸው ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀት አይወዱም።

ሆት ኤሩ (ሙቅ አየር የሚነፋው መሣሪያ) ላይ የምታነበው ቁጥር የአየሩ ነው፣ የሬዚኑ አይደለም። አየሩን 180 ላይ አድርገህ ከራቅ ያለ ቦታ ሰፊ አፍንጫ ተጠቅመህ እያንቀሳቀስክ ብታሞቀው ሬዚኑ ቀስ ብሎ ወደምትፈልገው ይደርሳል። ከቴስተር ጋር የሚመጣው የሙቀት መለኪያ ሽቦ ካለህ ጫፉን ሬዚኑ ላይ ለጥፈህ እያየህ ሥራ። ብዙ ሰው ከካርቶኑ አውጥቶት አያውቅም እንጂ ለዚህ ሥራ ከሱ የሚሻል መሣሪያ የለም።

ሬዚን ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። ላዩ ሲለሰልስ ሥሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር እያነሳህ፣ እያሞቅክ፣ እያነሳህ ትወርዳለህ። ላይ ላዩን በብረት መፈልፈያ መሥራት ይቻላል። ወደ ቦርዱ ስትጠጋ ግን ብረቱን አስቀምጥ። የተሳለ ቀርከሃ ያዝ። ቀርከሃ የለሰለሰ ኢፖክሲን ይገፋል፣ የቦርዱን አረንጓዴ ሽፋንና መስመሩን ግን አይቆርጥም። የዕቃዎቹ እግሮች መሃል ለመግባት የጥርስ ሐኪም መፈልፈያ በጣም ጥሩ ነው።

ከሳጥኑ ስለማውጣት፦ በመጀመሪያ በሳጥኑ ውጪና በክዳኑ ሥር ያሉትን ብሎኖች በሙሉ ፈልግ። ሞስፌቱ (ከረንቱን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ) እና ዳዮዱ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየሙ ጋር በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ሳትፈታ ከጎተትክ እግራቸው ይነቀላል። ከዚያ ሳጥኑን እንዳለ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። ሬዚኑ ሲቀዘቅዝ ከአሉሚኒየሙ ይበልጥ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ከግድግዳው ይላቀቃል። ጠዋት አውጥተህ ገልብጠህ በላስቲክ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን መታ መታ አድርገው። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሲሳካ ግን ግማሽ ሥራ አለቀልህ ማለት ነው።

ደግሞ ሁሉንም አታውጣ! ያንተ ችግር መግቢያው ላይ ነው። ፊውዙ ብዙ ጊዜ ያለው የ220 ገመድ ከሚገባበት አጠገብ ነው። እዚያ ጋ ጉድጓድ ቆፍር፣ ፊውዙን አግኝ፣ ለካው፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሂድ። ሙሉ ቦርድ አወጣለሁ ያለ ሰው ደህናውንም ዕቃ ነው የሚሰብረው።

ኬሚስትሪ ላብ፦

ሐይቅ ዳር ያልከው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ ስለ ኬሚካሉ ልጨምር። ኬሚስት ነኝ። የባትሪ አሲድ የሚለውን ሳነብ ነው ቶሎ ልጻፍ ያልኩት።

እባክህ ወንድሜ የባትሪ አሲድ አታፍስስበት። ያ በውሃ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። የደረቀ ኢፖክሲን አይበላም። አሉሚኒየሙን፣ የዕቃዎቹን እግርና ሊዱን ግን ይበላል። ሬዚኑ እንዳለ ቁጭ ይልና ውስጡ ያለው ያልቃል። በትልልቅ ላብራቶሪዎች የቺፕ ሽፋን በአሲድ ይከፈታል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን እሱ የሚጨስ ናይትሪክ አሲድ ነው፣ ያውም ሞቆ፣ ጭስ በሚመጥ ካቢኔ ውስጥ፣ ለአንዲት ጥፍር ለምታክል ቺፕ። ለጥገና ቤት የሚሆን ነገር አይደለም።

አሴቶንና ቲነር ለምን እንዳልሠሩ ልንገርህ። ኢፖክሲ ሲደርቅ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ በየአቅጣጫው ይተሳሰራሉ፣ አንድ ትልቅ መረብ ይሆናሉ። ማሟሟት ማለት ሞለኪውሎቹን አንድ በአንድ ነጣጥሎ ፈሳሹ ውስጥ መበተን ነው። የተሳሰረ መረብ ግን አይበተንም። ፈሳሹ ገብቶ ሊያሳብጠው ይችላል፣ ያ ነው ጣሪያው። አሴቶን ኢፖክሲ ውስጥ የሚገባው በጣም በዝግታ ነው። ፍሬን ዘይትም ተአምር አይሠራም፤ ሰው ውስጡ ቀቀልኩት ሲል የሠራለት ሙቀቱ ነው፣ ሙቀቱን ደግሞ ያለ ዘይት ማግኘት ይቻላል። የሞቀ ፍሬን ዘይት እሳት ሊይዝ ይችላል፣ ጭሱም ጥሩ አይደለም።

ኢፖክሲን ቶሎ የሚያሳብጥና የሚያፈራርስ አንድ ታዋቂ ኬሚካል አለ፣ ሜቲሊን ክሎራይድ ይባላል። በአንዳንድ የቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ይገኛል። የምነግርህ እንድትጠቀምበት አይደለም፣ መርካቶ ስትጠይቅ ይሄን ውሰድ ሊሉህ ስለሚችሉ ነው። ሲተነፍሱት ሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ የከሰል ጭስ ሰው የሚገድልበት ጋዝ ማለት ነው። በዝግ ክፍል ሲሠሩበት ወድቀው የቀሩ ሠራተኞች አሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቀለም ማስለቀቂያነት ለተራ ሰው እንዳይሸጥ ከልክላለች፣ በ2024 ደግሞ አብዛኛውን ሌላ አጠቃቀሙን አገደች። በባሕር ወለል ላይ በ40 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ወደ 32 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ ውስጥ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው፣ ክፍሉንም በትነት ለመሙላት ጊዜ አይፈጅበትም። የተለመደው ሰማያዊ የሕክምና ጓንት ደግሞ አያግደውም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርጎ ቆዳ ያቃጥላል። እሱ ሁሉ ሆኖ ለቦርዱም አይራራም፤ የሽቦ ላስቲክ፣ የትራንስፎርመር ሽቦ ቫርኒሽ፣ ፕላስቲክ ሶኬት ሁሉ ያበላሻል። በቤንዚል አልኮል የተሠሩ ማስለቀቂያዎች የተሻሉ ናቸው፣ ግን ዝግተኞች ናቸው፣ ለወፍራም ሬዚን ብዙ አይረዱህም።

ስለ ሙቀቱም ሁለት ነገር አለኝ። ፖሊዩሪቴን ሲቃጠል አይሶሳያኔት የሚባል ትነት ሊያወጣ ይችላል፣ አስም ያስይዛል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ ትንሽ ሽታውም ያስነሳዋል። ስለዚህ ማለስለስ እንጂ ማጨስ የለም። ጭስ ካየህ ሙቀቱ በዝቷል፣ ቀንስ። ሁለተኛው አቧራው ነው። ጥቁሩ ሬዚን ውስጥ ብዙ ጊዜ የተፈጨ የአሸዋ ድንጋይ ይደባለቃል፣ ሙቀት እንዲያስተላልፍና እንዲረክስ ብለው። ቢላህን የሚያደንዘው እሱ ነው። በድሪል ወይም በመፍጫ ከሠራህ ያ አቧራ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም። ደህና ማስክ አድርግ። የጨርቅ ማስክ አይበቃም። ውጭ ሥራ፣ ወይም ቫኪዩም አጠገብህ ይሁን።

መርካቶ ዕቃ፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ እኔ ግን ልቃወም። የአንድ ባለሙያ ቀን ዋጋ አለው። ሌላ ቻርጀር አግኝቻለሁ ሶኬቱ ነው የተለየው አላልክም? ሶኬቱን ቀይረህ ልጁን ሥራ አስጀምረው። ሬዚኑን በትርፍ ጊዜህ ትታገለዋለህ።

ሲሪየስ አምፖል፦

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን 72 ቮልት ሁሉ አንድ አይደለም። ሶኬት ቀይሮ ከመስጠት በፊት ባትሪው ምን እንደሆነ ይታይ። ባለ 20 ሴል ሊቲየም አዮን ከሆነ ሲሞላ 84 ቮልት ላይ ነው የሚቆመው። ባለ 24 ሴል ሊቲየም ፎስፌት ከሆነ 87.6 ነው። ስድስት ባለ 12 የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ወደ 88 ይጠጋል። የሊድ አሲዱን ቻርጀር ሊቲየም አዮን ላይ ብትሰካው ከልክ በላይ ይሞላል፣ የባትሪው መከላከያ ሰርኪት ካልቆረጠው እሳት ነው። እንዲያውም መከላከያው ይቆርጣል ተብሎ አይሠራም። የድሮው ቻርጀር ጀርባ ላይ የተጻፈውን የመውጫ ቮልቴጅ አንብብና ከአዲሱ ጋር አመሳስል። ካልተነበበ ባትሪው ላይ የተጻፈውን እይ። የሶኬቱንም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሳትለካ አታገናኝ።

ራጅ ክፍል፦

ማንም ያላነሳውን ልናገር። በራጅ ይታያል። ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አነሳለሁ፣ ከጥገና ባለሙያዎች ጋር በኃላፊ ፈቃድ፣ ታካሚ በሌለበት ሰዓት ሞክረነዋል። ሬዚኑ ብዙም አያግድም፣ አሉሚኒየሙም እንዲሁ። መዳብና ሊድ ደምቀው ይወጣሉ። የተበጠሰ እግር፣ የተላቀቀ ትራንስፎርመር፣ የተቃጠለ ሬዚስተር ቦታው ይታወቃል። ትልልቁ ትራንስፎርመር ሥር ያለውን ግን አታይም፣ ፌራይቱ (የትራንስፎርመሩ ጥቁር እምብርት) ይጋርደዋል። የፊውዝ ቀጭን ሽቦም ላይታይ ይችላል። ከላይና ከጎን ሁለት ምስል ማንሳት ይሻላል፣ በአንድ ምስል የቦርዱ ላይና ታች ተደራርቦ ግራ ያጋባል። ትልቁ ጥቅሙ የት እንደምትቆፍር ማወቅህ ነው። በዕድል ከመቆፈር በጣም ይሻላል።

አዳማ ጥገና፦

እናንተ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ራጅ እዚህ አልተመቸኝም፣ ግን በሙቀቱ ገባሁበት፣ ውጤቱን ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ልጁን ሥራ ለማስጀመር ሌላውን ቻርጀር አየሁ። ባትሪው ሊቲየም አዮን 84 ቮልት ነው፣ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው 88። ስለዚህ አልሰጠሁትም። ጋሼ ባይነግሩን ኖሮ ሶኬት ተቀይሮ ይሄድ ነበር። 84 ቮልቱን ከሚያውቀው ሰው በውሰት አገኘ።

ፍሪዘሩ ግማሹን ነው ያላቀቀው፤ አንደኛው ጎን ተላቀቀ፣ ሌላው ግን አልነቃነቅም ስላለ ከነሳጥኑ ሠራሁት። ሬዚኑ ሲሞቅ ልክ እንደተባለው ለሰለሰ። መለኪያው 95 ገደማ ሲያሳይ ነው መፈልፈል የጀመረልኝ። ቀርከሃው ይገርማል፣ ቦርዱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ፊውዙን ገመዱ አጠገብ ሽሪንክ ለብሶ አገኘሁት። ውስጡ ጠቁሯል። እንዲህ የጠቆረ ፊውዝ ዝም ብሎ ተበጥሶ አይደለም ብዬ ወደ ሞስፌቱ ቆፈርኩ። ሞስፌቱ በሦስቱም እግር ሾርት ነው፣ ሥሩ ያለችው ትንሿ የከረንት መለኪያ ሬዚስተር ደግሞ ተበጥሳለች። ድልድይ ዳዮዱ (220ውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ደህና ነው። ሞስፌቱን፣ ሬዚስተሯን፣ የጌቱን (የሞስፌቱን መቆጣጠሪያ እግር) ሬዚስተርና ሞስፌቱን የሚያዘውን 3842 ቺፕ ቀይሬያለሁ፣ አብረው ስለሚሄዱ።

አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ሳልሰካው በፊት ምን ላድርግ? የቆፈርኩትን ጉድጓድስ በምን ልድፈነው? ሱቅ ያለው የመስታወት ሲሊኮን ይሆናል ወይ?

ሲሪየስ አምፖል፦

ጎበዝ፣ ሞስፌቱ ጋ መሄድህ ትክክል ነው። ፊውዝ ብቻ ተቀይሮ ቢሰካ ኖሮ በሰከንድ ውስጥ ይፈነዳ ነበር።

መጀመሪያ በቀጥታ አትሰካው። 60 ዋት የድሮ አምፖል በሲሪየስ አስገባ፣ ማለትም ከ220ው ሁለት ሽቦዎች በአንዱ መሃል። ስትሰካው አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ሾርት የለም። ደምቆ ከቀረ ንቀል፣ ገና የሚቀር ነገር አለ። አምፖል ሲሪየስ ላይ እያለ ባትሪ ለመሙላት አትሞክር፣ ለሙከራ ብቻ ነው።

ከነቀልክ በኋላ ትልቁን ካፓሲተር ለካ። 220 ሲስተካከል ወደ 311 ቮልት ነው የሚጠራቀምበት፣ ያላወረድከው ካፓሲተር ከግድግዳ ተነቅሎም ይመታል። ድሮ ሬዚን ሸፍኖት ነበር፣ አሁን አንተ ገልጠኸዋል። በሁለት ሽቦ ያሰርከው አምፖል ካፓሲተሩ ላይ ብታገናኝ በደንብ ያወርደዋል፣ ከዚያም ቮልቱን አይተህ ነው እጅህን የምታስገባው። በስክሪውድራይቨር ሾርት ማድረግ የለም።

ስለ መድፈኑ ደግሞ፣ የግድ ነው። ክፍቱን አትተወው። ፋብሪካው ሬዚኑን ያፈሰሰው ለውሃ ብቻ አይደለም። በ220 ወገንና በባትሪው ወገን መሃል ባዶ አየር ላይ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ርቀት ይጠበቃል፤ ሬዚን ሲሞላበት ግን አምራቹ ያን ርቀት ሊያጠብበው ይችላል። ያንን ሬዚን አንስተህ ባዶ ከተውከው አቧራና እርጥበት ሲገባ 220ው ወደ ባትሪው ሊሻገር ይችላል። ልጁ ሞተሩን ሲነካ ምን እንደሚሆን አስበው። ሁለተኛ ሬዚኑ ሙቀትን ወደ ሳጥኑ ለማድረስም ይረዳል፤ ሞስፌቱ ግን በዋናነት ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ከሳጥኑ ጋር በታሰረበት ስለሆነ ብሎኑንና የሙቀት ፓስታውን በደንብ መልስ።

ኬሚስትሪ ላብ፦

የመስታወት ሲሊኮን ስትገዛ ክፈተውና አሽተው። የአቼቶ ሽታ ካለው ተወው። ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ነው የሚለቀው፣ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ እግሮቹንም ይበላል። ቱቦው ላይ ገለልተኛ የሚል፣ ወይም ለኤሌክትሮኒክስ የሚል ፈልግ። እሱም አየር ውስጥ ባለ እርጥበት ነው የሚደርቀው፣ በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ። ሦስት ሳንቲም ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ውስጥ አንዴ ከሞላኸው ላዩ ይደርቅና ሥሩ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ስስ ስስ እያደረግህ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየጨመርክ ሙላው። ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚደርቀው ዓይነት ሲሊኮን ካገኘህ እሱ ከሥሩም ይደርቃል፣ በአንድ ጊዜ መሙላት ይቻላል። ኢፖክሲ ግን አትመልስበት፤ ብዙ ሲፈስ ራሱ ይሞቃል፣ ሲደርቅም ይኮማተርና ዕቃዎቹን ይጎትታል። ሌላ ቀን ደግሞ ይሄው ቻርጀር ቢመለስ ሲሊኮኑን በእጅህ ነው የምታወጣው።

ከመሙላትህ በፊት ጉድጓዱን በንጹሕ አልኮልና በብሩሽ እጠብ። የለሰለሰው ሬዚን ፍርፋሪና የሊድ ፍላክስ እግሮቹ መሃል ከቀረ ሲሊኮኑ አይጣበቅም። በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ነው የምትሞላው።

አዳማ ጥገና፦

ገባኝ እህቴ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ጠፍቷል፣ ከዚያ በቀጥታ ሰክቼ ባትሪ ሳስይዘው 84 ላይ ቆመ። ገለልተኛውን ሲሊኮን ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ። እስኪመጣ ቻርጀሩን አልሰጥም፣ ልጁም ተስማምቷል።